ላይኛው ወይስ ታችኛው?

ልጄ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሳ ሰባተኛ የት ላስገባት ብዬ ተጨንቄላችኋለሁ። ደብረ ታቦር ላይ ለእኛ ሰፈር የሚቀርቡት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሁለት ናቸው፤ ላይኛውና ታችኛው እንላቸዋለን። የሚካኤል ማኅበራችን ውስጥ ደግሞ ከሁለቱም አንድ አንድ አስተማሪ አለ። ጠላው እስኪዞር ጠብቄ "እስቲ ምከሩኝ፣ የቱ ይሻላል?" አልኩ። ምነው ባልጠየቅሁ!

"ላይኛው ነዋ!" አለ የላይኛው አስተማሪ አያሌው። "የእኛን ሒሳብ መምህር የሚያህል የት ይገኛል?"

"ቤተ ሙከራ ያለው እኮ እኛ ጋ ነው" አለች የታችኛው አስተማሪ ስንዱ።

"ከተቆለፈ ስንት ዘመኑ!"

"የእናንተ ቤተ መጻሕፍትስ ድንች ይከማችበት የለ?"

ነገሩ ከጨዋታ ሊያልፍ ሲል፣ ሲያዳምጡ የነበሩት የቅኔ መምህራችን የኔታ ጽዋቸውን አስቀመጡ። "እኛ በተማሪነታችን የቱ ይሻላል ብለን ደብሩን አንጠይቅም ነበር፤ ተማሪ ወዴት እንደሚጎርፍ አይተን እንከተል ነበር። ለመሆኑ የእናንተ ልጆች የት ነው የሚማሩ?"



"የእኔ ልጅ... ታችኛው ነው፤ ለቤት ስለሚቀርብ ነው እንጂ" አለ አያሌው።

ስንዱ ጠላዋን ትክ ብላ እያየች "የእኔም ላይኛው ነው፤ ለቤት ስለሚቀርብ" አለች።

ማኅበርተኛው በሳቅ ፈነዳ። እኔ ብቻ ይዤው ከመጣሁት ጭንቀት ንቅንቅ አላልኩም። "ታዲያ የኔታ፣ የትኛው ጋ ላስገባት?"

"የፈቀድህበት አስገባት" አሉኝ ጽዋቸውን እያነሱ፤ "ብቻ ከመምህር ልጅ ጎን አስቀምጣት።"