ሲስተር የትነበርሽ ሲሄዱ ጉሮሯችንን ማን ያይልናል?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ የጤና ክበብ ጓደኞቼ፤ የትምህርት ቤታችንን ነርስ ሲስተር የትነበርሽን በጡረታ ከመሸኘታችን በፊት ንስሐ ልግባ። እኔ ኃጢአተኛዋ ናዝራዊት፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ በሒሳብ ፈተና ቀን «ሆዴን ቆረጠኝ» ብዬ ሲስተር ክፍል ገብቼ ተኝቻለሁ። ቅጣቴንም እዚያው ተቀብያለሁ። ሲስተር አንድ ጆግ ሙሉ ኦ አር ኤስ በጥብጠው በቁሜ አስጠጡኝና «በይ፣ ስለዳንሽ ወደ ፈተናሽ!» አሉኝ። ያንን ፈተና ከወንበሬና ከሽንት ቤት መሃል እየተመላለስኩ ነው የጨረስኩት።

ሲስተር እዚህ ግቢ የመጡ ዕለት እኔ አልተወለድኩም ነበር። ግን ጥበቃችን አያ ሙሉሰው ሳያወሩልን የሚውሉበት ቀን ስለሌለ ያየሁት ያህል ነው። ሲስተር ሚዛን ታቅፈው በሩ ላይ ቆሙ። አያ ሙሉሰው ሚዛኑን አዩና «ተሳስተሻል እታለም፣ ቅዳሜ ገበያ ወደ ታች ነው» አሏቸው። ሲስተር ሚዛኑን መሬት አስቀምጠው «እስቲ ይውጡበት አያ» አሉ። ወጡበት። ከዚያ ወዲህ አያ ሙሉሰው ስንት ኪሎ እንደሆኑ የሚያውቁት አምላክና ሲስተር ብቻ ናቸው። አያ፣ ምነው አቀረቀሩ?

ሰው ሁሉ «እንዴት አደርሽ» ሲል ሲስተር ባትሪያቸውን ያወጡና «አፍ ክፈቺ» ይላሉ። ጉሮሮው ያልታየ ካለ እጁን ያንሣ! ይኸው፣ የለም። ቄስ ዕንባቆም እንኳ ግቢውን ሊባርኩ መጥተው «አባ፣ ድምፅዎ ሻክሯል፤ ከቡራኬው በፊት አፍዎን» ተብለዋል። መስቀላቸውን እንደያዙ ከፈቱ። ክፍል ውስጥ «በብርድ አለቅን!» ስንል ደግሞ መስኮቱን ወለል አድርገው «ብርዱን ተዉት፤ እኔ የምፈራው ሰባ ልጅ አንድ ላይ የሚተነፍሰውን ነው» ይሉናል።

እስካሁን የቀለድኩት ስለፈራሁ ነው።

ከኋላ ተቀምጦ የእናንተን ብስኩት የሚጨርሰው ወንድሜ መዝሙር ነው። ጉሮሮውን ባመመው ቁጥር እኛ ቤት «ብርድ ነው፣ ያልፋል» ይባል ነበር። አንድ ጊዜ አላልፍ ሲል አክስቴ አበቡ ከዳባት መጥታ «እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥ» አለች። ቆራጩ ተጠራ። ምላጩን ከጨርቁ ሲፈታ ሲስተር ከተፍ አሉ። ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አልተጣራም፤ ባይጣራም ደስ ይለኛል።

«ምነው እታለም አበቡ፣ ምላጭ ልጅ አፍ ውስጥ?»

«እኛስ ተቆርጠን አላደግንም?»

«ያላደጉትን ማን ጠይቋቸው!»

ቆራጩ ምላጩን መልሶ ጠቀለለ። በዚያው ዕለት ሲስተር መዝሙርን ሐኪም ቤት ወሰዱት። ለካስ የናቅነው የጉሮሮ ሕመም ልቡን ነክቶት ኖሯል። ከዚያ ወዲህ በየወሩ መርፌ ይወጋል፤ ከዘለለ ሊያገረሽበት እንደሚችል ተነግሮናል። በመርፌው ቀን ታዲያ መዝሙር ይሰወራል። አንዴማ ነጭ ቀሚስ ለብሶ ከሰንበት ተማሪዎች መሃል ሲያሸበሽብ ተገኘ። ሲስተር ክንዱን ይዘው «ና የኔ ሸጋ፣ የቀረውን ተወግተህ ትዘምረዋለህ» አሉት።

ሲስተር፣ እናቴ ልትናገር ተነሥታ ነበር፤ እንባዋ ቀደማት። ስለዚህ በእሷም ስም ልናገር፦ ልጇን ስላቆዩላት እግዜር ይስጥልን። እርስዎ ባይደርሱ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ እጀምርና አልጨርሰውም።

ግን መስከረም ሩቅ አይደለም። ምትክ አልተመደበም አሉ። የእርስዎ ክፍልም የተሰባበረ ዴስክ ማከማቻ ሊሆን ነው አሉ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ መዝሙር ደረጃ ወጥቶ ቁና ቁና በተነፈሰ ቁጥር የመርፌውን ቀን እቆጥራለሁ። ትናንት አንዲት የአንደኛ ክፍል ልጅ ጉሮሮዋን ይዛ «ሲስተር ከሄዱ እኔ ለማን ነው የማሳየው?» አለችኝ። መልሱን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

በሉ ብርጭቆ አንሡ፤ ልጆች ለስላሳችሁን! ሲስተር የትነበርሽ፣ ዕድሜውን ከጤና ጋር ይስጥዎ፤ ጉልበትዎን ያጽናልዎ፤ የልጅ ልጆችዎ ሳያስለፉ አፋቸውን ይክፈቱልዎ!

ሁለተኛው ለርዕሰ መምህራችን ለጋሽ ገብረ ኢየሱስ ይሁን! ክፍሉ ዴስክ እንደማይገባበት፣ ምትክ እስኪመጣም በመርፌው ቀን መዝሙርን ራሳቸው ፈልገው እንደሚያስወጉት ይኸው አሁን በፊታችሁ ቃል ገብተዋል! አጨብጭቡላቸው እንጂ! ምነው ጋሼ፣ አልገቡም እንዴ? ወላጆች እኮ ቆመው እያጨበጨቡ ነው...

«ናዝራዊት!»

አቤት ጋሼ! የሲስተርን ክፍል ቁልፍ ሊሰጡኝ ነው?