ተዝካራ ያለኝ የባቡር ሰው

በእኛ ጊዜ ባቡር የሚባል ነገር እዚህ አገር ማን አይቶት! አንቺ ጽጌ፣ ነገ በባቡር ጅቡቲ እሄዳለሁ ብለሽ ሻንጣሽን ስትሸክፊ ሳይ ነው ትዝ ያለኝ፤ እስቲ ቁጭ በይ ልንገርሽ።

ያኔ እዚሁ እንጦጦ ላይ ነን፤ ከተማው ገና ወደ ታች አልወረደም። ባሌ ሞተብኝ። ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላኝም፣ ልጅም አልወለድን፤ ታዲያ ከአማቴ ከእማማ ወለቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ቀረን። ክፉ አልነበሩም፤ ግን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «የልጄ ሚስት፣ ውሃ ቅጂ! የልጄ ሚስት፣ በሩን ዝጊ!» ነው። ተዝካሩን እንዳወጣን «ኢየሩሳሌም ሄጄ ለልጄ እጸልያለሁ፤ ትከተይኛለሽ» አሉኝ፤ እና ነጋዴ ተከትለን፣ በረሃውን አቋርጠን፣ በመርከብ ሱዊስ የምትባል የግብፅ ከተማ ደረስን። ከዚያ እስክንድርያ ድረስ መንገዱ በባቡር ነው፤ ከእስክንድርያ ወደ ኢየሩሳሌም ደግሞ እንደገና በመርከብ።

ታዲያ ጣቢያው ሄድን። ቲኬት ሻጩ በትንሽ መስኮት ውስጥ ተቀምጧል፤ እኛ አረብኛ አናውቅ፣ እሱ አማርኛ አያውቅ! ግን ጨዋ ሰው ነው፣ በእጁ ያስረዳን ጀመር። እጁን ወደ ፊት ወርውሮ «ሽው!» አለ፤ ትንንሹን ጣቢያ ሁሉ ዘሎ የሚያልፈው፣ ፈጣኑ ባቡር ማለቱ ነው። ቀጥሎ ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ «ጡቅ... ጡቅ... ጡቅ»፤ ይሄ በየመንደሩ የሚቆመው። ይሄ ሁሉ የገባቸው አማቴ ናቸው፤ እኔማ ያንን እሳት ጎራሽ ብረት አፌን ከፍቼ ሳይ ነበር። እሳቸውም ጠረጴዛውን ጡቅ ጡቅ አደረጉለትና «የሚቆመውን ስጠን! ኢየሩሳሌም የት ትሸሻለች!» አሉ። ሁለቱንም ቲኬት ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩ።

ትንሽ ቆይቶ ባቡር መጣ። ሰው ሲሯሯጥ እኔም ሮጥኩ፤ ጓዙን ይዤ ዘልዬ ገባሁና «ይምጡ እማማ!» ብዬ ዞር ስል፣ እሳቸው ከታች «ውረጂ! የእኛ አይደለም! ውረጂ!» ይላሉ። ልወርድ ስል ተንቀሳቀሰ። ጽጌ ሙች፣ ሲሮጡ አየኋቸው፤ ከዚያ እያነሱ፣ እያነሱ ሄደው ጠፉ።

የገባሁበት ደግሞ የጌቶች ክፍል ኖሯል፤ ወንበሩ ሁሉ ከፋይ የለበሰ! ፈርቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ቆብ ያደረገ ሰው መጣና እጁን ዘርግቶ «ተዝካራ!» አለኝ። ክው አልኩ። ይሄ ሰው የባሌን መሞት በምን አወቀ?

«ተዝካሩንማ አውጥተናል፣ ጌታዬ።»

«ተዝካራ! ተዝካራ!»

«ኧረ በማርያም አውጥተናል! ካህናቱም በልተዋል፣ ደሃውም በልቷል!»

ለካ በእነሱ ቋንቋ ቲኬት ማለት ነው! እኔ ግን ምኑን አውቄ፤ አማቴን እንዳላስከፋ ብዬ ዓመት ሙሉ ዋጥ ያደረግሁትን ለቅሶ እዚያ ለቀቅሁት። ሰውዬው ግራ ገባው። ውሃ አመጣልኝ፤ ባቡሩ ሲቆም እጄን ይዞ አወረደኝ፣ አግዳሚ ላይ አስቀመጠኝ፣ በመጣንበት በኩል ጠቆመና ጉልበቱን መታ መታ አደረገ፤ እዚሁ ጠብቂ ሲለኝ ነው።

እና ጠበቅሁ። ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ያስጨነቀኝ መጥፋቴ አይደለም፤ ጥላኝ ሸሸች ብለው ይሆን? እያልኩ ነው። ምን ያስተሳስረናል? ልጃቸው እንደሆነ የለ።

ታዲያ ያ ቀርፋፋው ባቡር እያለከለከ መጣ። አንዲት ሴት ወገባቸው ድረስ በመስኮት ወጥተው «በላይነሽ! ልጄ በላይነሽ!» ይላሉ። ለካ በቆመበት መንደር ሁሉ እንዲህ ሲጣሩ ነው የመጡት፤ ድምፃቸው ተዘግቷል። ሮጬ ገባሁ። ጥብቅ አድርገው አቀፉኝና «አንድ ልጅ ቀብሬያለሁ፤ አንቺንም ካጣሁ ምን ይዤ እገባለሁ?» አሉኝ። እስክንድርያ ድረስ እጄን አልለቀቁኝም።

ምን አልሽ ጽጌ? ኢየሩሳሌምስ ደረሳችሁ ወይ? ደረስን እንጂ! ግን ተመልሰን ሰው «ጎልጎታ እንዴት ነበር?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ ይህቺን ልጄን ባቡር ይዟት ሲሄድ ልንገርህ» ይላሉ። እስኪሞቱ ድረስ እንዲሁ ነበሩ፤ ጎልጎታ ሳይደርሱ እንግዳው ተነሥቶ ይሄዳል፣ ሃ ሃ ሃ!