ቶርኖ ቤት የተሰጠኝ መቀመጫ

እኔ ስገባ ተነሥቶ የማያስቀምጠኝን ሰው የምቀየም ሴት ነኝ፤ ቡሬ ያለ ቶርኖ ቤት ግን ይኸው ክብሬ ሊገድለኝ ነበር። የወፍጮዬ ረጅም ዘንግ ጫፉ ተበልቶ ላስተካክለው ከፍኖተ ሰላም ይዤ ሄድሁ። ሠራተኛው ጫፉን ማሽኑ አፍ ውስጥ አስነከሰው፤ በስተኋላ የተረፈውን ርዝመት ደግሞ እንዳይወዛወዝ ቅባት የተቀባ ጉማጅ ግንድ ላይ አሳረፈው። ወዲያው መብራት ሄደ። «እማማ፣ እርስዎማ ቆመው አይጠብቁም» አለና ዙሪያውን ቃኘ፤ ወንበር የለም። ግንዱን ከዘንጉ ሥር ስቦ ገለበጠው፤ በካፖርቱ ጠርጎ ግድግዳው ጥግ አኖረልኝ። «ያሳደገህ ይባረክ» ብዬ ተቀመጥሁ።

መብራቱ ሲመጣ፣ ተመልሶ ሳይሄድበት ብሎ ማሽኑን አስነሣው። ብረቱ መጀመሪያ እንደ ንብ እምም አለ። ከዚያ በስተኋላ የተረፈው ጫፉ ተወዛወዘ፤ ዐይኔ እያየ እንደ ቀስት ጎበጠና አየሩን እየገረፈ ይዞር ጀመር። ከራሴ በላይ ያለውን ቆርቆሮ ቀደደው። ጩኸቴን ማሽኑ ዋጠው። «ይተኙ! እማማ፣ መሬት ይተኙ!» ሲል ሰማሁትና ከግንዱ ተንከባልዬ በደረቴ ተዘረጋሁ። ነፋሱ ማተቤን ሲነካው ይሰማኛል። ነፍሴን ለፈጣሪዋ ሰጥቼ ሳበቃ ማሽኑ ቆመ።

ሠራተኛው እየሮጠ መጣ። «ተረፉ? ኧረ ድጋፉን ማን ወሰደው?»

«ተቀምጬበት ነበራ፣ አንተ ጨዋ!» አልሁት። ዘንጌ እዚያው ጎብጦ ቀረ። እኔ ግን ዛሬም ሰው መቀመጫ ሲያቀርብልኝ፣ ከምን ሥር እንደሳበው ሳላይ አልቀመጥም።