ፎጣው ድንጋይ ላይ

ከሽኩና ጊሜል ሰፈር ወደ ታሐና መርካዚት፣ ወደ ዋናው መናኸሪያ፣ በሚሄደው አውቶቡስ ከኋላዬ አንዲት አሮጊትና አንዲት ወታደር ልጅ ተቀምጠዋል። ቀድሞ አይተዋወቁም።

«እማማ፣ ይሄ ሁሉ ዳቦ ለማን ነው?»

«ለአንዲት የካቶሊክ መነኩሲት። ዕድሜዋን ሙሉ ነርስ ነበረች። ዛሬ ጡረታ ልትወጣ ነው፤ ኢየሩሳሌም የምትሠራበት ሆስፒታል በመሲባ፣ በድግስ፣ ይሸኛታል።»

«ከየት ያውቋታል?»

«ከጎንደር! በመንደራችን ክሊኒክ የምታክመን እሷ ነበረች። ያኔ ግን በእኛ በአይሁዶቹ ሕግ ክርስቲያን አይነካንም፤ ከነካን ወንዝ ወርደን ሳንታጠብ ቤት አንገባም።»

«ታዲያ እንዴት አከመችዎት?»

«ክኒኑን ድንጋይ ላይ ታስቀምጥና ፈቀቅ ትላለች። እኔ አነሳለሁ።»

«መርፌስ?»

«መርፌማ ሳይነኩ ይወጋል እንዴ! ወግታኝ ወንዝ ስወርድ ፎጣ ይዛ ትከተለኛለች።»

«ፎጣውንስ?»

«ድንጋይ ላይ!»

ሁለቱም ሳቁ።

«አምና ዓይኔን ልታከም ኢየሩሳሌም ብሄድ እዚያው ሆስፒታል አገኘኋት። አርጅታለች። እልል ብዬ ልስማት ስሮጥ ወደ ኋላ ሸሸት አለችና፣ ‹ኧረ ቆዪ፣ እዚህ ወንዝ የለም!› አትለኝም መሰለሽ!»

«በእሜት? እውነትዎን ነው? እርስዎስ?»

«‹ወንዙ ይቅርብኝ!› ብዬ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ።»

«ዛሬስ ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ ሊያስቀምጡላት ነው?»

«ምን ሲደረግ! በእጄ ቆርሼ አጎርሳታለሁ እንጂ!»

እኔም ፊቴን ወደ መስኮቱ እንዳዞርኩ፣ ሰው ሊጨብጥ እንደተዘጋጀ ሁሉ፣ ሳላስበው እጆቼን ከኪሴ አወጣሁ።