ቃጫና የቧንቧ ጥርስ

በ1958 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ፣ ወይዘሮ በለጠች ከቡሬ ገበያ ሲመለሱ በቅሏቸው ከምንጩ በታች ጭቃ ውስጥ ተዘፈቀች። ጭቃው ዝናብ ያመጣው አልነበረም። እርሳቸው ከርስታቸው ለአገሩ የሰጡት የምንጭ ውሃ፣ ወደ መንደሩ ከተዘረጋው ቧንቧ እየተንጠባጠበ ያቦካው ነበር።

ሰጥተው መመስገን የለመዱ ሴት ናቸውና ጭቃው ስማቸውን የነካ መሰላቸው። ሴቶቹ እንስራቸውን ደቅነው ጠብታ ሲጠብቁ "የእመይቴ ውሃ መንገድ ላይ ቀረ" ማለት ጀምረዋል። ስለዚህ በማግሥቱ በማርያም ዕለት፣ ቧንቧው ተነቅሎ እንዲጣል ለመንደሩ ጎበዞች አዝዘው ነበር።

ከቧንቧው አጠገብ አንድ ወጣት ተንበርክኮ አዩ። የጎረቤታቸው የአቶ ላቀው ልጅ ዓለምነህ ነው፤ ባሕር ዳር የእጅ ሙያ ተምሮ ለበዓል የመጣ።

"እንደምን ዋሉ፣ እመይቴ?" ብሎ እጅ ነሣ።

"እግዚአብሔር ይመስገን። አባትህ ጸሐፊ ይሆንልኛል ብሎ ቢያስተምርህ ብረት ስትነካካ ላግኝህ? ይህ የቀጥቃጭ ሥራ አይደለም ወይ?"

"እመይቴ፣ ለሰው ውሃ የሚያደርስ እጅ ምኑ ይነወራል? የሚያሳፍረውስ እርስዎ የሰጡንን ውሃ ሜዳ ላይ ማፍሰሳችን ነው።"

ነገሩ ከነከናቸው። ከበቅሏቸው ወረዱ።

"ጎበዞቹ እኮ ከማጥበቃቸው ብዛት አንዱን ማገናኛ ሰነጠቁት። ብረት ገጥሞ ያላቆመውን ውሃ ሌላ ምን ያቆመዋል?"

"የቧንቧው ጥርስ፣ ይህ ጫፉን እየዞረ የተቆረጠው፣ የገጠመ ይመስላል እንጂ በመካከሉ ቀጭን መንገድ ይቀራል። ውሃው በዚያች መንገድ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ጉልበት ብረት ይሰብራል እንጂ መንገዱን አይዘጋም። የሚዘጋው ይህ ነው" ብሎ ቃጫና በተልባ ዘይት የተለወሰ የጠመኔ ዱቄት አሳያቸው።

"ቃጫ! የገመዱ ቃጫ?"

"አዎን። ውሃ ሲነካው ያብጣል፤ ሲያብጥ ክፍተቱን ይሞላል።"

ወይዘሮ በለጠች እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። "አምጣው፤ በእጄ ካላየሁ አላምንም።"

ዓለምነህ ውሃውን ከላይ ዘግቶ አንዱን መገጣጠሚያ ፈታና ጥርሱን በጨርቅ ጠረገ። እርሳቸው ቃጫውን ጠመጠሙ፤ እርሱ ማገናኛውን ሲያጠብቅ ግን ቃጫው ተሰብስቦ ወደ ውጭ ወጣ።

"ምን አጠፋሁ?"

"ማገናኛው ከሚጠብቅበት በተቃራኒ ጠመጠሙት።"

ሳቁ። "እውነትህን ነው፤ እንዝርትም ወደ ኋላ ሲዞር የፈተለውን ይፈታል!"

ሁለተኛውን ቃጫ በትክክለኛው አቅጣጫ፣ ስስ አድርገው፣ የመጀመሪያዋን ጥርስ ባዶ ትተው ጠመጠሙና ቅባቱን ለቀለቁበት። ማገናኛው ሲጠብቅ "እንዳይሰነጠቅ ትንሽ መለስ አድርገው" ቢሉት፣ "አይሆንም እመይቴ፤ አንዴ ከላላ ቃጫው ይለቃል፤ እንደገና መሥራት ነው" አላቸው።

ውሃው ተለቀቀ። ወይዘሮ በለጠች በነጭ ነጠላቸው ጫፍ መገጣጠሚያውን ዙሪያውን ዳሰሱት።

"ደረቅ ነው" አሉ ቀስ ብለው። ቀጥለውም ጮክ ብለው፣ "ደረቅ ነው!"

እጅ የሠራውን ልብ ለማመን አይዘገይም። ለዘመናት ብረት የሚነካን ሰው ስንንቅ፣ ማረሻችንን ማን እንደሠራው አልጠየቅንም።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ጎበዞቹ ቧንቧውን ሊነቅሉ ዶማ ይዘው ቆሙ። አቶ ላቀው ልጃቸው በብረት ሥራ መታየቱን ሰምተው ከዋርካው ሥር አንገታቸውን ደፍተዋል። ወይዘሮ በለጠች በሕዝቡ ፊት ሁለት እጃቸውን አነሡ፤ ቅባቱና ዝገቱ በውሃ አልለቀቀም።

"ይህን እድፍ እዩት። ትናንት ቧንቧ የገጠምሁበት ነው፤ አላፍርበትም። ዛሬ የሚነቀለው ቧንቧው ሳይሆን ሙያን መናቃችን ነው። ቃጫ ያለው ቃጫ፣ ተልባ ያለው ተልባ ያምጣ። ዓለምነህ ያሠራናል፤ እኔም አለሁበት!"

ዶማዎቹ ወደ መሬት ወረዱ። የተሰነጠቀው ማገናኛ በአዲስ ተተክቶ፣ መገጣጠሚያዎቹ ሁሉ ታሽገው ሲያበቁ ውሃው መንደር ድረስ ሞልቶ ወረደ። ጭቃው ደረቀ፤ ከብትና ሰው ከአንድ ኩሬ መጠጣታቸው ቀረ፤ የልጆች ሆድ ቁርጠት ቀነሰ፤ ወንዝ ሲመላለሱ ይውሉ የነበሩ ልጃገረዶችም ቡሬ ትምህርት ቤት ገቡ።

አቶ ላቀውም መንገደኛ "ልጅዎ ምን ሆነልዎ?" ብሎ ሲጠይቃቸው ቀና ብለው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

"ቧንቧ ሠሪ!" ይላሉ።