ማርካው የጠፋ ቡሶላ

ስንዴ የጫነው ትራክተሬ ሲናና ላይ ጎማው ተነፈሰ፤ ዝናቡም መጣሁ እያለ ነበር። ከጎባ የገዛሁትን የሚያብለጨልጭ የብሎን መፍቻ ቡሶላ ሰክቼ ስጫነው ሾለከ። ስደግመው የብሎኑን ጠርዝ ይልጠው ጀመር። በዚህ መሃል ኦቦ ከማል የሚባሉ የጭነት መኪና ሹፌር ቆሙልኝና ጥቁር፣ አሮጌ ቡሶላ አቀበሉኝ። በአንድ ግፊት ብሎኑ ጮኸና ዞረ!

ጎማውን ቀይረን ስንዴውን በሸራ እንደሸፈንን ሁለቱን ቡሶላዎች ጎን ለጎን አየኋቸው። የእኔ ውስጡ አሥራ ሁለት ማዕዘን አለው፤ የእሳቸው እንደ ብሎኑ ራስ ስድስት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ብሎኑን ግጥም አድርጎ ይይዛል።

«ኦቦ ከማል፣ የማን ሥራ ነው?» አልኳቸው።

«ወላሂ አላውቅም። ስገዛውም የማርካው ጽሑፍ ጠፍቶ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ገበያ ስወጣ ማርካ አልጠይቅም፤ ጣቴን ቡሶላው ውስጥ ከትቼ ማዕዘኖቹን በዳበሳ እቆጥራለሁ። ባለሱቁ «ምን ጠፋብህ?» እያለ ይስቅብኛል።