የነፋሱን አቅጣጫ የጠየቁኝ ሰው

ቡሬ አጠገብ ባለች ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ነኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለገበሬዎቹ የአየር ትንበያውን ነገርኋቸው፤ ብርቱ ነፋስና መብረቅ ይመጣል፣ ሣሩ ደርቋልና እሳት እንዳትጭሩ አልሁ። ሁሉም ስለ ዝናቡ ሲጠይቀኝ አያ ደሴ ብቻ ጠጋ ብለው «ነፋሱ ወዴት ነው የሚነፍሰው?» አሉኝ። «ወደ ምዕራብ» ብዬ ወዲያው ደነገጥሁ። ከማሳቸው በስተምዕራብ ያለው በድንበር ከእሳቸው ጋር የሚካሰሰው ጎረቤታቸው የተከለው ባሕር ዛፍ ነው።

ነገሩ አላስቀምጥ ስላለኝ ከቀትር በኋላ ሄድሁ። አያ ደሴ ድንበሩ ላይ ጎንበስ ብለው ደረቁን ሣር እያጨዱ ከዛፉ ያርቃሉ።

«ለባላጋራዎ ነው እንዲህ የሚደክሙት?» አልኋቸው።

«ለእሱማ ምን ገዶኝ! መብረቅ ዛፉን ቢያነደው ማን አቃጠለው ሊባል ነው? መብረቅ አይከሰስ!»

«ኧረ እርስዎን ማን ይጠረጥራል?»

«ታዲያ አንተ በዚህ ፀሐይ ምን ልታይ መጣህ?»

ትርፍ ማጭድ አቀበሉኝና አብሬያቸው ማጨድ ጀመርሁ። እያጨድሁም ቢሆን ግን ኪሳቸው ውስጥ ክብሪት ይኖር እንደሆን በዓይኔ እፈልግ ነበር።